የተንሸራተተው ፈገግታ

መቀስን መቀስ ያሉት በመቀስ ዘመን ነው። ያኔ ፊልም በእጅ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጠል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በካሴት ተተካ፣ ካሴቱ በኮምፒዩተር፤ መቀሱም ዝጎ መሳቢያ ገባ፣ ቅጽል ስሙ ግን ሰውየው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። አሁን ጠጉሩ ነጥቷል፣ መነጽሩ ወፍሯል፤ በቪዲዮ ስቱዲዮው ውስጥ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ኤዲተሮች ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። ያከብሩታል። ኪቦርዱ ላይ አፍጥጦ ፊደል ሲፈልግ በዓይን እንደሚጠቃቀሱም ያውቃል፣ እንዳላየ ያልፋቸዋል።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ሳይደውል መጣና ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ። ጋሼ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚመራ፣ እቤቱም ቢሆን ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ሰው ነው።

"ልጄን ልድር ነው" አለ።

"ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለህ።"

"የእማዬን የቀብር ፊልም ይዤ ልሂድ እያለች ነው። አያቷን ትወዳት የለ? ግን እንዲህ እንዳለ አልሰጣትም። ነገ አማቶቿ ቁጭ ብለው ቢያዩት ምን ይሉናል? ያቺን ሴትዮ አውጣልኝ።"

"ያቺ ሴትዮ" እህታቸው ናት። ለመቀስ እትዬ ናት፤ በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርጋ ትምህርት ቤት ያደረሰችው። እናታቸው አልጋ ላይ በወደቀችባቸው ዓመታት ጋሼ ስብሰባ ነበረው፣ መቀስ ሥራ ነበረው፣ እትዬ ደግሞ እነሱ የሌላቸውን ጊዜ ሁሉ ነበራት። እናቷን አገላብጣ ያጠበች፣ በማንኪያ ያጎረሰች እሷ ናት። እንግዲህ ይችን ሴት ነው ዘመድ ሁሉ "በእናቷ ቀብር የሳቀች" ብሎ ፊት የነሳት። ለሰርጉም አልተጠራችም።

"ሙሉ በሙሉ?" አለ መቀስ፤ ድምፁ ራሱ የሌላ ሰው መሰለው።

"ሙሉ በሙሉ። ከዋናውም ቀረጻ ሳይቀር ሰርዛት። ዓይኔ ዳግም እንዲያያት አልፈልግም።"

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሩቅ ላሉት ዘመዶች እንዲደርስ ብሎ ቀብሩን የቀረጸው መቀስ ነው፤ የቆረጠው የቀጠለውም እሱው። ጋሼ መቃብሩ ዳር ቆሞ ንግግር አደረገ። መሃል ላይ እማዬ ቀልደኛ እንደነበረች፣ ፎቶ አንሺውን ሳታስቅ ፎቶ ተነስታ እንደማታውቅ ተናገረ። መቀስ እዚያ ላይ የእትዬን ፈገግታ ደረበበት። ፈገግታው ንግግሩን ስትሰማ የተቀረጸ አልነበረም፤ ግን ይህ የሙያው ወግ ነው። ንግግር ሲቀጣጠል ስፌቱ እንዳይታይ የሰሚ ፊት ይደረብበታል፣ ተመልካች ደግሞ ፊትና ቃል ጎን ለጎን ካየ የራሱን ዝምድና ያበጅላቸዋል። እናቷን በፍቅር የምታስታውስ ልጅ መሰለች። ጥሩ ስፌት ነበር።

ከዚያ ጋሼ ደወለ። ንግግሩን ሲጀምር፣ ልማድ ክፉ ነውና፣ ለቀስተኛውን "የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች" ብሎት ነበር፤ እሱን አውጣልኝ አለ። መቀስ ብቻውን ስቆ አወጣለት። ከመጀመሪያው ላይ ሲቆረጥ ቀሪው ንግግር ተጎትቶ ክፍተቱን ሞላ። የተደረበው ፊት ግን ከንግግሩ ጋር እንዲሄድ አልታሰረም ነበርና ባለበት ተገትሮ ቀረ። ቀልዱ ቀድሞት አለፈ፤ በምትኩ ሌላ ዓረፍተ ነገር መጥቶ ከፈገግታው ሥር ቆመ፦ "በመጨረሻዋ ቀን ትንፋሽ አጥሯት፣ ውሃ መዋጥ አቅቷት ስትሰቃይ..."

በመቀስ ዘመን ቢሆን ይህ እንዲህ በዝምታ አያልፍም ነበር። ያኔ ምስሉ በአንድ ጥቅል፣ ድምፁ በሌላ ጥቅል ሆነው ባለጥርስ መዘውር ላይ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ከአንዱ ቆርጠህ ሌላውን ከረሳህ ትርፉ አፍንጫህ ሥር ተንጠልጥሎ ያሳጣሃል። የካሴቱም ዘመን ቢሆን መሃል ላይ ስታሳጥር ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ይገለበጣል፤ እያዛጋህም ቢሆን ደግመህ ታየዋለህ። ኮምፒዩተሩ ግን ትሑት አገልጋይ ነው፤ ጥፋትህንም አቤት ብሎ ይፈጽምልሃል።

ለዚህም መድኃኒቱ ይታወቃል። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ "እስከ መጨረሻው ሳታየው ከእጅህ እንዳይወጣ" ይል ነበር። መቀስም ይህን ለስቱዲዮው ልጆች እስኪሰለቻቸው ደጋግሞላቸዋል። ያን ቀን ግን ራሱ ሳያይ ላከው። ቢጠይቁት የእናቴን ቀብር ደግሜ ማየት ከበደኝ ይል ነበር፣ ያምኑትም ነበር። እውነቱ ግን ለምስጋናው ቸኩሎ ነው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

ምስጋናውስ መጣለት። ዘመድ በስልክ በሚጻጻፍበት ገጽ ላይ ጋሼ ራሱ "ወንድማችን የሙያው አባት" ብሎ ጻፈ። መቀስም ይህንኑ ለስቱዲዮው ልጆች፣ ነገሩ እግረ መንገዱን የመጣ አስመስሎ፣ አነበበላቸው። በማግስቱ አክስታቸው ደወለች።

"ያቺ እህትህ ምን ነክቷት ነው? እናቷ ስትሰቃይ ይነገራል፣ እሷ ጥርሷን ታሳያለች?"

ሮጦ ከፍቶ አየው። ፈገግታው ከስቃዩ ቃል ላይ ተቀምጧል። "አክስቴ፣ እጄ ስቶ ነው" ቢል የዚያን ቀን ያልቅ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን የስቱዲዮው ልጆች አጠገቡ ነበሩ፤ "አርጅቷል፣ ኮምፒዩተሩ አልገባውም" የሚለው ሹክሹክታቸው በጆሮው መጣ፤ "የሙያው አባት" የሚለውም መጣ። አፉን ከፈተና እንዲህ አለ፦

"እንግዲህ ካሜራ አይዋሽም።"

ለጋሼም ይህንኑ ደገመለት። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ዘንድ ግን እያደር ጨለመ። ወሬው ከአክስት ወደ አክስት ልጅ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት ዞረ። እትዬ ስትደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ፤ አንዳንዴ መቀስም ጠፋ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ ጋሼ።

መቀስ እጁን ኪቦርዱ ላይ ጫነ። የሚያሳፍረውን ሁሉ እንናገር ከተባለ፣ መቁረጥ ጀመረ። እትዬ የእናቷን ሳጥን ተከትላ ስትራመድ፦ ወጣች። አፈር ስትበትን፦ ወጣች። ጎንበስ ብላ አበባ ስታስቀምጥ እጇ ብቻ ስለታየ ትቅር ብሎ ነበር፤ ጋሼ "እጇም ነው" አለና እጇም ወጣች። ድሮ የተቆረጠ ፊልም ችንካር ላይ ይሰቀል ነበር፤ ቀና ስትል ምን እንደቆረጥክ ይታይሃል። እዚህ ግን ምንም አልተንጠለጠለም። እናትየዋ በአንዲት ሴት ልጇ ሳትሸኝ የተቀበረች ሆነች።

በመጨረሻ ዋናውን ቀረጻ ከፈተ፤ ጋሼ እንዲጠፋ ያለው እሱ ነው። ቁራጩ እንደ ድሮው ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ መቀስ ፊት ሲመርጥ ድምፅ ይዘጋል። እትዬ ወደ ካሜራው ዘወር ብላ ፈገግ አለች። አንድ ቁልፍ ነው የቀረው። ከተጫነው ፈገግታው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም፤ ሀፍረቱም አብሮ ይቀበራል። ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ፤ ይህን ማንም አላስገደደውም።

ከዚያ ጋሼ "አየሃት? አታፍርም" አለ።

አታፍርም። ቃሉ የሚያርፍበትን ቦታ የሳተ እንደሆነ መቀስ ያውቃል፤ የሚገባውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ነው ጋሼ ሌላ ሰው የሚፈልገው። ጣቱን አነሳና ድምፁን ከፈተው።

መጀመሪያ የተሰማው ለቅሶ ነው። ቅርብ ነው፣ ከካሜራው ኋላ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይነፋረቃል። ምስሉም ከለቅሶው ጋር ይንቀጠቀጣል። እትዬ ዘወር አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጉንጯ እርጥብ ነው። አየችው፤ ያን ፈገግታ እንደምንም ከውስጧ ጎትታ አወጣችና በሹክሹክታ፦ "አይዞህ የኔ ወንድም። ተንቀጠቀጠብህ እኮ። እማዬ ደብዝዛ ብትወጣ አትለቅህም።"

ከዚያ ፊቷን መልሳ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር።

ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"የሚያለቅሰው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እዚያ ንግግሬ ላይ..."

"እኔ ነኝ ያስገባሁት። ቀልዱ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ አንተ ያልከኝን ስቆርጥ ተንሸራተተ። ሳላየው ላክሁት።"

"መቼ አወቅክ?"

"አክስት የደወለች ቀን።"

"ካሜራ አይዋሽም አልከኝ።"

"አልኩህ።"

ጋሼ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም። "የልጄን ሰርግ ከለከልኳት እኮ። ደጄ መጥታ መልሻታለሁ።" በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። "መጀመሪያ አንተ ሂድ። እኔ ገና ፊት የለኝም።"

መቀስ ያወጣውን ሁሉ ወደ ቦታው መለሰ፤ እርምጃዋን፣ አፈሩን፣ እጇንም። ፈገግታውን ከጋሼ ንግግር ላይ አንስቶ በተቀረጸበት ቦታ ከነድምፁ አስቀመጠው። አጠገቡ ያሉት ልጆች ሁሉን ሰምተው ነበር፤ አልተጠቃቀሱም፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

እትዬ በእናቷ ቤት ወጥ ቤት ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ኮምፒዩተር ታቅፎ በሩ ላይ ሲቆም አይታ "ግባ እንጂ፣ እንግዳ ሆንክ?" አለችው። ገባ። ቆሞ ነገራት፤ ቁጭ ብሎ ለመናገር አልደፈረም። እሷ ቢላዋዋን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"የዚያን ቀን የሳቅሁት አንዴ ነው። ለማን እንደሳቅሁ እኔ አጣዋለሁ?"

መቀስ የሚይዘው ነገር ፈልጎ የወንበሩን ጀርባ ያዘ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ እትዬ?"

"ልጆቹ አርጅቷል ይሉኛል እያልክ ስትጨነቅ ሰምቼሃለሁ። ሥራህን ደግሞ ትወደዋለህ። እና..." የተላጠውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለችው። "ራሱ ይናገራል ብዬ ነው። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ።"

ቁጣ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ፤ እሷም እጇን በጨርቅ ጠርጋ "በል ና፣ አሳየኝ" አለችው።

ጠረጴዛው ላይ ከፍተው እስከ መጨረሻው አዩት።  ሲያልቅ እትዬ መነጽሯን አወለቀች።

"ለዘመድ ስትልከው የለቅሶህን ድምፅ አጥፋው። አክስታችን ትስቅብሃለች።"

ሀፍረቱን እስከ ታች የወረደው መስሎት ነበር፤ ለካ ገና ደጃፉ ላይ ነው። አንገቱን እንደደፋ፣ ድምፁን ሳይነካ፣ ከሥሩ "ስታጽናናኝ ነበር፤ የሳተው እጄ ነው፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈና ለሁሉም ላከው።

ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። አክስት ናት። እትዬ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፣ ልታነሳለት።

"ተይው፣ እትዬ" አለ መቀስ። "ይኸን እኔው ላንሳው።"