ከአናት ተገፎ ለእግር

ካምሲንግ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በኢሳን በሚገኘው መንደሩ ዝናብ ለመጥራት በየዓመቱ የቀርከሃ ሮኬት ይሠራል። ዘንድሮ ሮኬቱ ወደ ሰማይ መሄዱን ትቶ እሱን መረጠ። አብዛኛው ሰውነቱ ተቃጠለ፤ ዝናቡም በማግስቱ ማንም ሳይጠራው ዘነበ። ሚስቱ ቡዋ፣ የልጁ የሳይፎን እናት፣ ባሩዱን ከቤት አርቅ እያለች ዕድሜዋን ስትጮኽ ኖራለች። አሁን ግን ዝም ብላለች፤ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው ላይ መጮህ ነውር ነው።

ችግሩ ቆዳ ነው። ቁስሉ የሚድነው ከራሱ ደህና ቆዳ እየተገፈፈ ሲለጠፍበት ነው፤ ለካምሲንግ የተረፈው ደግሞ የአናቱ ብቻ ነበር። ከዚያው ሁለት ጊዜ ተገፎ ደረቱና ክንዶቹ ተሸፈኑ። አናት ደግ ነው፤ በአሥር ቀን ይሽራል። የቀረው እግሩ ነበር።

"ዛሬ ለእግርዎ እንወስዳለን" አለች ዶክተር ፒምዳው።

"ከአናቴ? ለእግሬ?" ካምሲንግ ከአልጋው ሊነሳ ምንም አልቀረው። "ጉድ በይ የሳይፎን እናት! ሰው የማላስነካውን ቅዱስ አናቴን ርኩስ እግር ላይ ለጥፌ መሬት ላስረግጠው?"

"ካልተሸፈነ ይመረቅዛል። ከዚያ እግርዎ ይቆረጣል፤ ምናልባትም አይተርፉም።"

"ቁረጡት!"

"ከእኔ ጭን ውሰዱለት" አለች ቡዋ። "እዚህ ሞልቷል።"

"የእርስዎ ለጥቂት ሳምንት ነው የሚቆየው። ሰውነቱ እንደ ባዕድ ይጥለዋል።"

"ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ተኝተን አልለመደኝም?"

ዶክተሯን ይህን በትምህርት ቤት አላስተማሯትም።

ቡዋ ወደ አልጋው ግርጌ ሄዳ ተንበረከከች፤ ግንባሯንም በፋሻ ወደ ተጠቀለለው እግሩ ደፋች። "አይንኩት!" ብላ ዶክተሯ ስትጮኽ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

"የሳይፎን አባት" አለች እንዳቀረቀረች፣ "ልጅህ በየአዲስ ዓመቱ እግርህን አጥባ ግንባሯን ትደፋበታለች። አናቷ ረከሰ?"

"እሱማ አክብሮት ነው።"

"እንግዲያው አንተም እግርህን አክብረው። እኔ ፈርቻለሁ። ያላንተ ቤት መግባት አልችልም።"

ካምሲንግ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

"ላጩኝ" አለ።

ቆዳው ያዘለት። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቆም ሲል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ገጠመ፤ ጎንበስ ብሎም የእግሩን ቆዳ ስለሚረግጠው ይቅርታ ጠየቀ። ቡዋ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ይህ ሰው ማንንም ይቅርታ ሲጠይቅ አይታው አታውቅም።

"ለሱ ብቻ ነው?" አለች።

ካምሲንግ ቀና አላለም። መዳፎቹን ሳያላቅቅ፣ የተላጨ አናቱን ወደ እሷ እግር አዞረ።