የማስቲሽ ክፍል ወተት

ሰማኸኝ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደሴ ገባና ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት ሊትር ወተት ገዝቶ በፌስታል አንጠለጠለ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እንድሪስን ሊጠይቅ። ሁለቱ በአንድ ጫማ ፋብሪካ፣ ማስቲሽ ክፍል በሚባለው፣ አሥራ አራት ዓመት አብረው ሶል ለጥፈዋል። ዘንድሮ የእንድሪስ እጆችና እግሮች ደነዘዙ፤ ሥራውን ትቶ ልጁ ቤት ገባ።

የክፍሉን ወተት ያመጣው ሰማኸኝ ነው። የሠራተኞች ተወካይ ሳለ ስለ ማስቲሹ ሽታ አቤት ቢል፣ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ነገር አቀረበለት፤ ወይ አየር ማውጫ ማሽን ይተከላል፣ ወይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጣል። ሁለቱም ግን አይሆንም። ሰማኸኝ አንድ ቀን እንኳ አላሰበበትም። ወተት መርዝ ያጥባል ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ደግሞስ ወተት በእጅ ይያዛል፣ ይጠጣል፤ ማሽኑ ምን ሊሰጥ ነው፣ ነፋስ! ፈርሞ ወጣ። ስለ ማሽኑ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሠራተኛው አጨበጨበለት፣ «አባ ወተቱ» አለው፤ እሱም፣ ምን ይደበቃል፣ ስሙን ወደደው።

ወተቱ ከበር አይወጣም፣ እዚያው ይጠጣል። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲገባ፣ የሰማኸኝ ብርጭቆ ለእንድሪስ ይተላለፋል፤ በሮመዳን ደግሞ የእንድሪስ ለሰማኸኝ። ሁለቱ ጾም የገጠመ ዓመትማ የወፈረችው የጥበቃዎቹ ድመት ናት። በዚህ ሁሉ መሀል ታሞ የወደቀ ሰው አልነበረም። ትንሽ ራስ ምታት፣ ትንሽ ማዞር፣ ነገ ይለቃል እየተባለ ዓመታቱ ሄዱ።

የእንድሪስ ልጅ ዊዳድ በሩ ላይ ተቀበለችው። ፌስታሉን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ አይክፋዎትና ሐኪሙ ወተት ምንም አያደርግለትም ብሏል። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፤ የማስቲሹ ሽታ ግን በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ነርቩን ጎድቶታል። አየሩ የሚወጣበት ነገር ቢኖር ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር አለን።»

ሰማኸኝ ክው አለ። እግሩ ወደ ኋላ ሊመልሰው ቃጣው።

«ማነው? ሰማኸኝ ነህ? ግባ እንጂ!» አለ እንድሪስ ከውስጥ። ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል። «አብሽር፣ ፊትህን አታጨማድድብኝ። ወላሂ ጥፋተኛው እኔው ነኝ። ሮመዳን በመጣ ቁጥር ወተቱን ላንተ ስሰጥ፣ መርዙ ያኔ ሾልኮ ገባ። አንተ ይኸው ደህና ነህ!» ብሎ ሳቀ።

ሰማኸኝ አብሮ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። ደህና የሆነው በወተት እንዳልሆነ አሁን ገብቶታል። የእሱ ወንበር በሩ አጠገብ ነበር፤ የእንድሪስ ጥጉ ውስጥ፣ ከማስቲሹ በርሜል ጎን። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ሥራ አስኪያጁ ከለቀቀ ቆይቷል። ቢናገር ደግሞ የስንት ዘመን ወዳጁን ሊያጣ ነው። ግን ሰው በገዛ ጾሙ ሲጸጸት እያየ እንዴት ዝም ይላል?

ጠጋ ብሎ ተቀመጠና የእንድሪስን የደነዘዘ ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ጾምህን ተወው፣ እንድሪስ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ሁሉንም ነገረው።

«ማሽን እንትከል ብለውህ ነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

«አንተ ወተት ይሁን አልክ።»

«አልኩ። አንድ ሰው እንኳ ሳላማክር።»

እንድሪስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰማኸኝ ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰደብ በወደደ። የያዘውን እጅ ግን አልለቀቀም፣ የገዛ ጣቶቹ እስኪያሙት ጨበጠው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለ እንድሪስ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይመልስ። «እኔም ብጠየቅ ወተቱን ነበር የምለው። በል እንግዲህ፣ እጅህን ስጠኝ።»

ሰማኸኝ ወደ ታች፣ ወደ እጆቻቸው አየ። የእንድሪስን እጅ ከያዘው ቆይቶ ነበር።