የፈትሁዲን ቡሎን

ሚስራ የመመረቂያ ሥራዬን ይገምግምልኝ ብላ የጠራችው ያንኑ አንድ ዓመቷን የበላባትን ሰው ነው። አማካሪዋ መምህር ነህምያ ስሙን ደብዳቤው ላይ ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«ፈትሁዲንን? አምና የሥራ ልምምድ ፎርምሽ ላይ ‹ገና አልበቃችም› ብሎ ጽፎ ከምርቃት ያስቀረሽን ሰውዬ?»

«ራሱን ነው፣ መምህር። ሆሳዕና ውስጥ ፓምፕ እንደሱ የሚያውቅ የለም።»

ይህስ እውነት ነው። ከቆላ የመጣ የናፍጣ መኪና ደጋ ሲወጣ አየር ያንሰውና ጥቁር ጭስ እየተፋ ዳገት ይፈራል። መናኸሪያው ጀርባ ፈትሁዲን ጋራዥ የገባ ግን ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። ምስጢሩ ፓምፑ ላይ ነዳጅ የምትመጥን አንዲት ቡሎን ናት። ሌሎቹ ጋራዦች ሲነካኳት ወይ ጭሱ ይብሳል ወይ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ሚስራ ቅዳሜና እሑድ ዲግሪዋን እየተማረች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እሱ ዘንድ ሥራ ትለማመዳለች። ፓምፕ አውርዳለች፣ አጥባለች፣ ገጥማለች። ቡሎኗ ላይ ሲደረስ ግን ያ ቆንቋና ሰው ጀርባውን ያዞርና «ሂጂ ጎማ ንፊ» ይላታል። ጠየቀችው፣ ለመነችው፤ «ዲግሪሽ ይንገርሽ» እያለ ሳቀባት። ይህ አልበቃው ብሎ ፎርሟን አበላሸ። ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ መኪና ሥር ተጋድማ አለቀሰች፤ እዚያው እንደተጋደመች እንደማትምረው ወሰነች።

ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ክፍሉ በጋራዥ ባለቤቶች ሞላ። ከሺንሺቾም ከአንጋጫም ለምና የጠራቻቸው ራሷ ናት። ፈትሁዲን ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ፎርሙ ፊቱ ነው፤ እሱ ካልፈረመ ዘንድሮም ዲግሪ የለም። ይህን ማወቁ ደግሞ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ሚስራ ፓምፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም በተራ አስረዳች። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ «እዚህ ደጋ ላይ ቡሎኗን አንድ ሙሉ ዙር እናላላታለን፤ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ» አለች።

ፈትሁዲን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«ከጋሽ ፈትሁዲን ነው ያየሁት» ብላ ቀጠለች ረጋ ብላ። «እሳቸው የሚሠሩት እንዲህ ነው።»

«ውሸታም!» ብድግ አለ። «እኔ ነኝ ሙሉ ዙር የማላላው? መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ይላል እኮ! ሩብ ዙር ነው፣ ሩብ! እሱም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ! ሰው ፊት ጀማሪ ልታደርጊኝ ነው?»

የአንጋጫው ባለጋራዥ ታዴዎስ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ መዘዘ። ሌሎቹም ተከተሉት። ፈትሁዲን አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ሃያ ዓመት በጀርባው ሲከልላት የኖረችው ቡሎን የሁሉም ሆነች።

ሚስራ «ሙሉ» የሚለውን አጥፍታ «ሩብ» ብላ ጻፈች። «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። የጎደለኝ ይኸው ብቻ ነበር።»

በቀል አያረካም የሚሉ ሰዎች ያን ዕለት ሚስራን አላዩም። ደስ አላት፤ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ ደስ አላት።

መምህር ነህምያ ፎርሙን ወደ ፈትሁዲን ገፋ አደረገው። «ስህተቷን እርስዎ አርመዋል። ለመሆኑ ይህን አስተምረዋት ነበር?»

ፈትሁዲን ሰዎቹን አያቸው። አስተምሬያታለሁ እንዳይል፣ እንዴት እንደደነገጠ ሁሉም አይተውታል። አላስተማርኳትም ካለ ደግሞ አምና በምን ጣላት? «በቅታለች» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ታዴዎስ ከኋላ ጠራው። «ጋሽ ፈትሁዲን፣ ሞተሩ ስንት ደቂቃ ይሙቅ?»

«አሥራ አምስት» አለ ሳያስበው፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ሚስራ ያንንም ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤ ጎላ አድርጋ።