ሦስተኛው ወንበር

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት የፈጠራ ፍሬ የተገኘች እንደሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተገንጥላ ትውደቅ። እኔ ነገር ላይ ነገር የምጨምር ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ «ይኼ ሰውዬ እውነት ሲያወራ እንኳ ቀንሶ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ ነጎድጓዱ ያደረገውን እንደወረደ ስሙት።

ነጎድጓዱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ገና ተራ የፓርላማ አባል ሳለ ነበር። ያኔ ከኋላ ወንበር ብድግ ብሎ ሲናገር የአዳራሹ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ደጅ የቆሙ መኪኖች የሌባ ማስጠንቀቂያ ጡሩንባቸው በራሱ ጊዜ ይጮሃል። አንድ ጆሯቸው የደነቆረ አዛውንት አባል በእሱ ንግግር ድነው ለሐኪማቸው «ከእንግዲህ አልመጣም» ብለው ልከዋል ይባላል። ይባላል እንኳ አይደለም፤ ልከዋል።

ያሳደገችው እትዬ ናት፤ ታላቅ እህቱ። እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱባቸው እሷ ልብስ ስፌት ላይ ተጎንብሳ፣ እሱን ትምህርት ቤት ልካ፣ ትዳርም ሳያምራት ሰው አደረገችው። የተሾመ ቀን ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝታ ኮቱ ኪስ ውስጥ በገዛ እጇ ሻጠችለት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አለችው እየሳቀች፣ «አንተ ግን አትብላ፤ ጻፍ።»

ከዚያ ወዲህ ኩላሊቷ ከዳት። የትውልድ ከተማቸው ሆስፒታል የእጥበት ማሽን ነበረውና በየሁለት ቀኑ እየሄደች ደሟን ታሳጥባለች፤ ከዚያ ተመልሳ ደግሞ መስፊያው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ቢሮው ደወለችለት።

«አንተ ልጅ፣ ማሽኖቹን ሊወስዷቸው ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«ማን አለ እትዬ?»

«ነርሷ ናታ። መርፌውን ስትሰካልኝ እንባዋ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። እኔው ራሴ አባበልኳት።»

«ወሬ ነው ባክሽ።»

«ወሬ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ግን አንተ እዚያ አይደለህ እንዴ? ከሹመኞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበህ የምትቀመጠው ለጌጥ ነው? ተናገርላቸው! ያ ሁሉ ጩኸትህ ለመቼ ነው?»

«እናገራለሁ።»

«በእኔ ሞት?»

«በሞትሽ!»

ይህን መሐላ አስቡልኝ። ደግሞም ወሬ አልነበረም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ርዝመቱ አይጣል ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ያስነጠሰ ሰው በሌላኛው ጫፍ «ይማርህ» የሚባለው ጉንፋኑ ከለቀቀው በኋላ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እጅ አይወጣም፣ ድምፅ አይቆጠርም። የሚናገር ይናገራል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲበቃው መነጽሩን አውልቆ «እንግዲህ የተግባባነው ይህ ነው» ይላል፤ ዝም ያለ ሁሉ ተግባብቷል። ከበሩ ከወጡ በኋላ ደግሞ የሁሉም አፍ አንድ ነው። ልቡ ያልተቀበለ ሚኒስትር ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ውሳኔውን እንደ ራሱ ልጅ ተሸክሞ መሟገት፣ ወይ ወንበሩን አስረክቦ ቤቱ መግባት።

የጤና ሚኒስትሯ ጉዳዩን አቀረበች። ሐኪም ስለነበረች ሁሉም ዶክተሯ ይላታል። የትናንሽ ከተማ ማሽኖች አርጅተዋል፣ የሚጠግናቸው ባለሙያ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ዋናው ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ይሰብሰቡ፤ ሕመምተኞቹም እዚያ ይምጡ። ይህን ሁሉ ስታነብ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ቀና ብላም አላየች።

ነጎድጓዱ ንግግሩን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። አምስት ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ እያንዳንዱ ተራራ ይንዳል። መጀመሪያ ውኃ ተጎነጨ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ብሎ ሰዓቱን አየ። ነጎድጓዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ ተግባብተናል። ከባድ ውሳኔ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አብረን እንያዘው።»

እዚህ ላይ ክፉ ሰው «ዝም አለ» ሊል ይችላል። በጭራሽ! ነጎድጓድ ከመጮሁ በፊት ደመና ይሰበስባል፤ እሱም ደመና እየሰበሰበ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የግብርና ሚኒስትሩ ክንዱን ያዘው። «እኔ እኮ ጨርሶ አልወደድኩትም» አለ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ! የአገርህ ሆስፒታል አይደል?»

የንግድ ሚኒስትሩም ከኋላ ደረሰ። «እኔም አንተን ነበር የጠበቅሁ። ለመደገፍ ተዘጋጅቼ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የወሰነው?» አለ ነጎድጓዱ።

«ምክር ቤቱ ነዋ።»

«ምክር ቤቱ ማን ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። «እኛ ነን መሰለኝ» አለ የግብርናው፤ የተሳሳተ በር እንደ ከፈተ ሰው እያፈረ ሄደ።

አንድ በር ግን ቀርቶ ነበር። ምክር ቤቱ የተግባባበት ነገር ሕግ የሚሆነው ርዕሰ ብሔሩ ቢያንስ ከሦስት ሚኒስትሮች ጋር ተቀምጠው ሲፈርሙ ነው፤ ሦስቱም ከእሳቸው ፊርማ ሥር ይፈርማሉ። ከሦስት ካነሱ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ጉባኤ ከሌለ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ሳምንት ግማሹ ሚኒስትር ውጭ አገር፣ ግማሹ መስክ ነበር። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ደወለለትና «ጠቅላይ ሚኒስትሩና ዶክተሯ አሉ፤ ሦስተኛውን ወንበር እርስዎ ይሙሉልን» አለው።

ስልኩን ዘጋ። ንግግር አያስፈልግም ማለት ነው! ሰው ሆኖ ከወንበር መነሳት ብቻ ይበቃል። እትዬን የሚያድናት አፉ ሳይሆን እግሩ ሊሆን ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ምንጣፉ ከርዕሰ ብሔሩ ወንበር እስከ በሩ ድረስ በእግር ብዛት ተበልቷል። ርዕሰ ብሔሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ክፍል የተፈቀደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ምክራችሁን ተቀብያለሁ።» ወረቀቱ ከፊታቸው ተዘርግቷል። እና ነጎድጓዱ ተነሣ!

አነሳሱን ማን ይንገራችሁ! ወንበሩ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ግድግዳውን በሳው። «ክቡርነትዎ» አለ፣ በመንገድ ላይ የሚሄድ ሕዝብ ባለበት ቆመ፤ «ይህን ወረቀት ከፈረሙ እትዬን ይገድሏታል! እምቢ ይበሉ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ» አሉት፣ «እኔ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። አፌ እናንተ ናችሁ።»

«እንግዲያው አንዱ አፍዎ ይኸው ተዘጋ!» ብሎ ነጎድጓዱ የእትዬን ሰማያዊ እስክሪብቶ ከኪሱ መዠረጠና ጉልበቱ ላይ ቀጭ አድርጎ ለሁለት ሰበረው። ከዚያ ወጣ። በሩን የዘጋበት አዘጋግ የጣራውን መብራት አወረደ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የቀድሞ ርዕሳነ ብሔር ፎቶዎች በኀፍረት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድ እግር ጫማ እያነከሰ ኮሪደሩን ተከትሎት ሮጠ። «ስለ ፈጠረህ ተመለስ! ጉባኤው ፈረሰ!» ነጎድጓዱ ግን ዞሮ አላየውም።

ምን ዋጋ አለው? የስፖርት ሚኒስትሩን ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አንስተው አመጡት። ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ስለነበር ለመቃወም ቢፈልግ እንኳ ከንፈሩ አይታዘዘውም፤ በዚያ ጠረጴዛ እንደሱ ያለ ተመራጭ ሚኒስትር ታይቶ አያውቅም። ተቀመጠ፣ ሦስት ሆኑ፣ ፈረሙ። ነጎድጓዱ እደረጃው ላይ ተቀምጦ ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጥጠው ሰማ።

ለእትዬ ደወለና ሁሉንም ነገራት።

«በሩን ዘግተህ ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«እስክሪብቶዬን ሰበርከው?»

«ለሁለት።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። «ይበቃኛል» አለች። «ማሽኑን ይውሰዱት። እኔ ሰው እንዳለኝ አወቅሁ።»

ወንበሩን ለምን አልለቀቀም ትሉኝ ይሆናል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በእንባ ስለለመነው ነው፤ ደግሞም የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ከቆየ ለሕመምተኞቹ አውቶቡስ ይመድባል። መደበላቸውም። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ መንገዱ ራሱ ነጎድጓዱ ሊያስጠግነው ቃል የገባው መንገድ ነው። የታጠበ ሰው በዚያ ጉድጓድ ላይ እየተንገጫገጨ ተመልሶ ቤቱ ሲደርስ የሚቀጥለው ተራው ደርሶ ይጠብቀዋል። እትዬ መስፊያዋን ሸፈነችው፤ ለመስፋት የሚተርፍ ቀን አልነበራትም።

የሕዝቡ ማጉረምረም ሲሰማ ምክር ቤቱ ነጎድጓዱንና ዶክተሯን ሄደው እንዲያስረዱ ላከ። የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ነጎድጓዱ ቆመና «ምክር ቤቱ ወስኗል፤ ሁላችንም ውሳኔውን በጋራ እንቀበላለን» አለ። መስታወቱ አልተንቀጠቀጠም። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ክንዳቸው በፋሻ የተጠቀለለ፣ «ምን አለ?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ሲነግሯቸው እንደ ምንም ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ ምክር ቤቱን አይደለም የጠየቅንህ። አንተስ?»

ነጎድጓዱ ውኃ ተጎነጨ። ሽማግሌው መልሱን ቆመው ጠበቁ፤ እግራቸው ሲደክም ተቀመጡ።

ነጎድጓዱና ዶክተሯ ከአዳራሹ እትዬ ቤት ሄዱ። ጎረቤቶቿ ቀድመው ሞልተዋል፤ ሻይ ተቀድቷል። እግሯ አብጦ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፣ ፊቷ እንደ ነተበ ጨርቅ ሳስቷል፤ ዓይኗ ግን ወንድሟ ሲገባ በራ። አጠገቧ አስቀመጠችው። ቤቱ ሙቀቱ ያፍናል፤ ሁሉም ኮቱን ሲያወልቅ እሱ ኮቱን እንደቆለፈ ተቀመጠ።

«አዳራሽ ያለውን እርሱት» አለች እትዬ ለጎረቤቶቿ፣ «ያ የሥራ ግዴታው ነው፤ እንደዚያ እንዲል ነው ሕጋቸው። ዋናውማ የት ነበራችሁና! ርዕሰ ብሔሩ ፊት ብድግ ብሎ!»

«ነግረሽናል እኮ» አለች ጎረቤቷ። «እስክሪብቶው ለስንት ነበር የተሰበረው?»

«ለሁለት ነዋ።»

«ባለፈው ሦስት ነው ያልሽን! የኛ ነገር፣ በሚቀጥለው ዱቄት ይሆናል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬም ሳቀች፤ ሳቁ ሲያደክማት ደረቷን ይዛ ቆየች። ነጎድጓዱ «ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ እትዬ፣ ሌላ ወሬ እናውራ» አለ።

«ለምን ሌላ? በየሁለት ቀኑ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ስንገጫገጭ ምን ይዤ የምሄድ ይመስልሃል?» ወደ ዶክተሯ ዞረች። ዶክተሯ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእትዬን ክንድ፣ መርፌ የጠቀጠቀውን፣ ስታይ ነበር። «አንቺ ነበርሽ አይደል የኔ ልጅ? አይተሻል። በሩን እንዴት እንደዘጋው ንገሪያቸው፤ እኔን ‹ታጋንናለች› ይሉኛል።»

ዶክተሯ የሻይ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። ነጎድጓዱን አላየችውም።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሐኪም ነኝና አልዋሽዎትም። በሩን የዘጋ ሰው አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ እኔና እሱ፣ ሦስታችንም እስከ መጨረሻው ተቀምጠን ነበር። ሌላ ሰው አልተጠራም። የኔ እስክሪብቶ ቀለሙ ስላለቀ የፈረምኩት በሰማያዊው ነው። እሱ ነው ያዋሰኝ።»