ልል ብየዳ

"አንድ ጣት ጎድሏል" አለ መብረቅ፣ ግማሽ አካሉ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀበረ።

"ምኑ ነው የጎደለው?"

"ርዝመቱ። እንደገና ሊለካ ነው።"

"ባለፈው ስትለካው አንድ ጣት ተርፏል ብለህ አልነበር እንዴ?" አለች የቀድሞ ሚስቱ። የእጅ ባትሪውን ስታበራለት ብዙ ስለቆየች ክንዷ ዝሎ ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።

መብረቅ ሜትሩን ለቀቀው፣ መልሶ ዘረጋው፣ ያው የባለፈው ልክ ወጣ። የጎደለም የተረፈም ነገር አልነበረም።

መብረቅ ይሉታል እንጂ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ቅጽል ስሙን የሰጡት አብረውት የሱቅ ማስታወቂያ የሚሠሩት ባልደረቦቹ ናቸው። ሌላው ባለሙያ ሳምንት ሙሉ የሚንከላወስበትን ሰሌዳ እሱ ባንድ አዳር ቆርጦ፣ በይዶ፣ አብርቶ ይሰቅለዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንዲት ድንኳን ውስጥ አምስት መስመር መብራት መዘርጋት አቅቶት ወር ሊደፍን የተቃረበው።

ድንኳን የሚሏትም ለክብሯ ነው። ቀድሞ ዚፕ ያላት የጨርቅ ቁም ሣጥን ነበረች። አብረው ሲኖሩ የእሱ ሸሚዞች በስተቀኝ፣ የእሷ ቀሚሶች በስተግራ ይሰቀሉባት ነበር። ሲለያዩ እሷ ወሰደቻት። አሁን ውስጧን ብርሃን በሚመልስ ብርማ ላስቲክ ለብጣ፣ መደርደሪያ ሠርታላት፣ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ልታፈላባት ነው። ተቀጥራ ትሠራበት የነበረው ችግኝ ማፍያ መሬቱ ለሕንፃ ስለተፈለገ ተዘግቷል። የተከራየቻት ክፍል ደግሞ መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የተፋጠጠ ነው፤ ፀሐይ የሚባል ነገር አይደርሳትም። "ኤልኢዲ መብራት እንደ ጥብጣብ በጥቅል ይሸጣል አሉ። አንተ ታውቅበታለህ፤ ዕቅዱን ብቻ አውጣልኝ፣ የቀረውን ራሴ እሞክራለሁ" ብላ ስትደውልለት መብረቅ ስልኩን በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

ዕቅዱን ብቻ! ከዚያ ወዲያ ዕቅዱ የሚያልቅ ነገር አልሆነም። መጀመሪያ ነጭ ብርሃን ይበቃል አለ። በሌላ ቀን መጥቶ፣ መሀል መሀሉ ላይ ቀይ ጣል ጣል ካልተደረገበት ተክሉ አይደሰትም አለ። ቀጥሎ መብራቱ እንዳይግል ከጀርባው አሉሚኒየም ያስፈልገዋል አለ። አሉሚኒየሙ ሲመጣ ደግሞ ከችግኙ በላይ ስንት ስንዝር ከፍ ብሎ ይሰቀል በሚለው ላይ ሲከራከራት ዋለ። ውሸቱ ሁሉ ግማሽ እውነት ነበረበት፤ ለዚህ ነው የተዋጣለት። በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይለካል፣ ሻይ ይጠጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ኩባያዎች በዓይኑ ይቃኛል። አንዱ የእሷ ነው፣ አንዱ የእህቷ። ሌላ ኩባያ የለም። ይህን አይቶ እያፏጨ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ናፍቃዋለች፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። ጥፍሯ ሥር የማይጠፋው አፈር ናፍቆታል። ሥራ ስትሠራ ሳይታወቃት የምታንጎራጉረው፣ መሀል ላይ ዜማው ጠፍቷት የምትተወው ነገር ናፍቆታል። የተለያዩት በጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን አስታራቂ ይገኝለታል። እሱ የሰው ደጅ ሲያበራ እያደረ፣ እሷ ብቻዋን በልታ ብቻዋን መተኛት ለመደች። ከለመደችው ወዲያ ባል ለምን እንዳላት ጠፋት። አንድ ጠዋት ከሥራ ሲገባ ጠብቃ "ሳንጣላ ልሂድ" አለችው። እሱም እንቅልፍ እያዳፋው "እሺ" አለ። ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ ታንገበግበዋለች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ታላቅ እህቷ ገባች። ድንኳኑን አየች፣ ከድንኳኑ የወጡትን እግሮች አየች።

"አሁንም እየለካህ ነው?"

"ጥንቃቄ ይሻላል ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ያንተ እንቁላል ግን ሳይቀቀል አልቀረም።"

መብረቅ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መስኮቱ ሥር ከተደረደሩት የቡቃያ ሣጥኖች አንዱን አንስታ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። ቡቃያዎቹ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ተንጠራርተው እንደ ክር ቀጥነዋል። አንዳንዶቹ ራሳቸውን መሸከም አቅቷቸው ተጋድመዋል።

"እያቸው እስቲ። ዛሬ ካልበራላቸው አለቁ። እነዚህ ካለቁ ደግሞ ሌላ ዘር የለም፤ እህቴ ያላትን ሁሉ እዚህ አፈር ውስጥ ቀብራለች። ነገ ጠዋት የኛ ሰፈር ኤሌክትሪሺያን ይመጣል፣ ነግሬዋለሁ።"

"ሌላ ሰው ምን አስፈለገ፣ እትዬ?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ" አለችው፣ ታናሿ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ጠብቃ። "እኔን አታሞኘኝም። ዛሬ ጨርስ።"

መብረቅ እንደ ስሙ ሆነ። ጥብጣቡን ምልክቱ ላይ ቆረጠ፣ ጀርባውን ልጦ አሉሚኒየሙ ላይ ለጠፈ፣ የብየዳ ካውያውን አግሎ ሽቦዎቹን በተራ በተራ ይበይድ ጀመር። ቀልጦ የሚያያይዘውን ሊድ፣ ውሃ ቀድታ የተመለሰችው የቀድሞ ሚስቱ እየቆረጠች ታቀብለዋለች። ጣቶቿ ጣቶቹን ሲነኩት እንዳልተሰማው ይሆናል። አንድ ጊዜ ማንጎራጎር ጀመረችና መሀል ላይ ዜማው ጠፋት። መብረቅ ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ግን ማንጎራጎሯን ጨርሶ የምትተው መስሎት አልቀጠለላትም።

የመጨረሻዋ ብየዳ ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ። ከዚህች በኋላ የሚለካ የለም፤ የሚቆረጥም፣ የሚከራከሩበትም የለም። ቀና ሲል እሷ ጀርባዋን ሰጥታው የተጋደሙትን ቡቃያዎች በስንጥር እየደገፈች ነበር። ካውያውን ነካ አድርጎ አነሳው። ሊዱ ሽቦው ላይ ጉብ አለ እንጂ አልያዘውም። መብረቅ ቶሎ ብሎ መሸፈኛ ናስትሮ ጠቀለለበት። ዛሬ ይበራል፣ ነገም ይበራል። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ቆይቶ አንድ ቀን ይላቀቃል፤ ያኔ ትደውላለች። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። የሠራ ሲያይም "ሌባ" ነበር የሚለው።

"አብሪው" አላት።

መብራቱ ቦግ አለ። ብርማው ላስቲክ ብርሃኑን እየተቀባበለ ክፍሉን ሞላው፤ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ታየ።

"እሰይ! እውነትም መብረቅ" አለች ታላቅ እህቷ፤ ሻይዋን ጨልጣ፣ ኤሌክትሪሺያኑን ላስቀረው ብላ ወጣች።

የቀድሞ ሚስቱ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አስገብታ ደረደረቻቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አቀናች። መብረቅ ሽበቷን ያን ጊዜ አየው። አብረው ሳሉ አልነበረም፣ ወይም አላየውም።

"ከዛሬ ጀምሮ ፍራሼን እዚህ አጠገቡ ላነጥፈው ነው" አለች።

"ለምን?"

"ይሞቃል። ደግሞ ስነቃ ብርሃን ይኖራል። እዚያ ቤታችን ሌሊት ስባንን ማብሪያውን እስካገኘው ድረስ እፈራ ነበር። አልነገርኩህም እንጂ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ኖረህ?" አለች፤ በቁጣ አልነበረም።

መብረቅ ብየዳዋ ትዝ አለችው። ያልያዘ ብየዳ ከመላቀቁ በፊት ይግላል። ሌላ ሰው የሠራው የሱቅ ሰሌዳ እንዲያ ሆኖ ሲጨስ በዓይኑ አይቷል። እዚህ ያለው ደግሞ ጨርቅና ላስቲክ ነው፣ ከጎኑ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ እሷ። ዝም ብሎ፣ ናስትሮውን ላስተካክል ብሎ፣ ሳታውቅ ብየዳዋን ሊያጠብቃት ይችል ነበር። እጁም ወደ ድንኳኑ ተዘርግቶ ነበር። መልሶ ሰበሰበው።

"አጥፊው" አለ።

"ምነው?"

"አጥፊውና ከሶኬቱ ንቀይው። አንዷ ብየዳ አልያዘችም።"

"ደህና እየበራ አይደል እንዴ?"

"አሁን ይበራል። ሆን ብዬ ነው ያላጠበቅኳት።"

ነቀለችው። ክፍሉ ወደ ድሮው ደብዛዛ ብርሃን ተመለሰ።

"ተኝቼ ልታቃጥለኝ?"

"ሲበላሽ እንድትደውይልኝ ነው። እሳቱን አላሰብኩትም። እግዜር ያውቃል፣ አላሰብኩትም።"

መብረቅ እግሩ ሥር ያለውን የሽቦ ቁርጥራጭ እያየ ውጣ የምትለውን ቃል ጠበቀ።

"አንድ ጣት የጎደለውስ?" አለች በመጨረሻ።

"አልጎደለም።"

"ቀዩ መብራትስ?"

"ቀዩ እውነት ነው። ቀይ ይወዳሉ።"

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ያልለየለት ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ሄደ።

"ካውያውን አግለው" አለች። ሲግል ግን ከእጁ ወሰደችው። "እኔ ነኝ የምበይደው። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ።"

መብረቅ እዚህ ላይ ሊያመነታ ይችል ነበር። መበየድ ካወቀች የሚያስጠራው ነገር አይኖርም። አጠገቧ ተንበረከከ።

"ሊዱን ካውያው ላይ አታቅልጪው። መጀመሪያ ሽቦውን አሙቂ። ሽቦው ከሞቀ ሊዱ ራሱ ይሄድለታል።"

የመጀመሪያዋ ጉብ አለች። "ይቺ እንደኔዋ ናት፣ ድገሚ" አላት። በሁለተኛው ጣቷን ለበለባት፤ ረገመችው፣ እሱም እርግማኑን በጸጋ ተቀበለ። ደጋግማ ስትሞክር ሊዱ ፈሰሰና ሽቦውን አቅፎ አንጸባረቀ። መብረቅ በፒንሳ ይዞ ጎተተው። አልተነቃነቀም። ከዚያ ሳትጠይቀው የቀረውን ሁሉ አሳያት፤ መስመሩ ሲጠፋ ከየት ጀምራ እንደምትፈትሽ፣ ጥብጣቡ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ የተረፈው ጥቅል የት እንደተቀመጠ። እያንዳንዱን ነገር ባሳያት ቁጥር ወደዚህ ቤት ከሚያመጣው መንገድ አንዱን በገዛ እጁ እየዘጋ መሆኑን ያውቃል። አሳያት ግን።

"ከእንግዲህ ቢበላሽ ራስሽ ትሠሪዋለሽ" አላት። ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

መብራቱ እንደገና ሲበራ ዕቃውን ሰበሰበ። እስከ ዛሬ ሲሄድ ወይ ሜትሩን ወይ ካቻቢቴውን ረስቶ ነበር የሚወጣው፤ በማግስቱ ሊወስደው ይመለሳል። አሁን ከመደርደሪያው ሥር የተንከባለለውን ፒንሳ ሳይቀር በእጁ ዳብሶ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቦርሳውን ዘግቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

"እሁድ ልምጣ?" አለ።

እሁድ ሱቆች ስለሚዘጉ ሰሌዳ የሚሰቀልበት ቀን ነው። አብረው በኖሩበት ዘመን አንድም እሁድ ቤት ውሎ አያውቅም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

"ምን ተበላሽቶ?"

"ምንም አልተበላሸም።"

እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች አየችው። የተለበለበችውን ጣቷን ወደ አፏ ወስዳ እፍ አለችባት።

"ከሰዓት በኋላ ና" አለች። "ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ፤ ለሰው ጊዜ የለኝም።"