ነጩ ሽቦ

ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ያገሬ ሰው። ትሕትናን እግዜር አላሳጣትም፤ ኢያሱን ሰጣት።

እስከ አምና ድረስ በቦንጋ ዙሪያ የአየር ጠባይ መሣሪያ ሲተከል የሚጠራው ኢያሱ ነበር። ትሕትና ስልጠና ወስዳ ከመጣች ወዲህ ግን አለቃቸው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አፋቸውን የሚከፍቱት በእሷ ስም ነው። አሁን ደግሞ ደካ የሚባል ቦታ ላይ አዲስ ጣቢያ ሊተከል ነው፤ ማን እንደሚሄድ ገና አልተናገሩም። ኢያሱ ግን በሐሳቡ እሷን ብቻዋን መኪና ላይ አሳፍሯት አንጀቱ ሲያርር ከረመ።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ የቡና ጫካ ገብተው መለኪያ ሴንሰሮቹን ሎገር ከሚባለው የመረጃ መዝጋቢ ሳጥን ጋር ያገናኙ ነበር። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሽቦውን ይሰካና ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሌላው በጣቱ ሳብ ያደርግና «ያዘ» ይላል። ያልተሳበ ሽቦ እንደታሰረ አይቆጠርም።

ትሕትና ታጠብቃለች፣ ኢያሱ ይስባል። የእጇ ፍጥነት ራሱ ያበግነዋል።

«ቀዩ?»

«ያዘ።»

«ጥቁሩ?»

«ያዘ።»

ነጩን፣ የአየሩን እርጥበት ንባብ የሚያመጣውን፣ ሳብ ሲያደርገው ላላ። ትንሽ ቢጨምር ወጥቶ በእጁ ይቀር ነበር። ቀና ብሎ አያት። ላቧን በክንዷ እየጠረገች ለራሷ ታንጎራጉራለች። ደስታዋን ጠላው።

«ያዘ» አለ።

ከሰዓት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሊያዩ መጡ። ሎገሩ ላይ ዝናቡ ይነበባል፣ አፈሩም ይነበባል። በአየሩ እርጥበት ቦታ ግን፣ ጫካው በጭጋግ ርሶ እያለ፣ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

«ምንድን ነው ትሕትና? ሽቦው ላልቶ እንዳይሆን።»

«አይሆንም ጋሼ፤ ኢያሱ ስቦታል። እሱ ያዘ ካለ ይዟል። ሴንሰሩ ነው የተበላሸው።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሳቅ ብለው ወደ ኢያሱ ዞሩ። «ይሄውልህ፣ ደካ ብቻሽን ሂጂ ብላት ያለ ኢያሱ አልሄድም ብላ አስቸገረችኝ። በሉ ድገሙት፣ እኔም ልይ።»

ትሕትና ብሎኖቹን ሳትነካ ከመጀመሪያው መጥራት ጀመረች። ቀዩ ያዘ። ጥቁሩ ያዘ።

«ነጩ?»

ሽቦው ገና ሲነካው ወጥቶ በጣቶቹ መሃል ቀረ። ኢያሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«አልያዘም» አለ።

ትሕትና ሽቦውን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። ጠዋትም እንዲሁ እንደነበር ገባት። ሽቦውን ከእጁ ተቀብላ ሰካችው፣ ብሎኑንም አጠበቀች።

ከዚያ ራሷ ሳበችና ራሷ «ያዘ» አለች።