የዘውዴ የዳክዬ እግር በጀማል ሚዛን

ሸዋ በር ላይ ጎማ የሚለጥፈው ዘውዴ፣ ምጽዋ ላይ ሻርክ የሚባለውን ሰው በላ ዓሣ ዋኝቶ እንደቀደመ ያልሰማ ሰው ሐረር ውስጥ ቢፈለግ፣ ምናልባት ትናንት የተወለደ ሕፃን ይገኝ ይሆናል። ሻርኩ ወሬው ሲጀመር ክንድ የሚያክል ነበር። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን ጭራው ከከተማው ማዶ ፈላና በር ሆኖ አፉ ሸዋ በር ደርሶ ነበር። ሰው ይስቃል፤ ዘውዴም አብሮ ይስቃል። የሚከነክነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምጽዋ ላይ ሦስት ዓመት ጠላቂ ሆኖ መሥራቱ እውነት ነበር፣ እሱንም ከሻርኩ ጋር አብረው ሳቁበት።

ያን ዓመት ዓለማያ ሐይቅ ውስጥ ያለው የውሃ መሳቢያ ቱቦ አፉ በሣር እየተዘጋ አስቸገረ። የውሃው ሹም አቶ ተክለጻድቅ ጠልቆ የሚጠርግ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ዘውዴ ጎማውን ጥሎ ሮጠ።

«አንተ? ባለሻርኩ?» አሉት።

«እኔው ነኝ ጌታዬ። ለእግሬም ክንፍ ሠርቻለሁ፤ ከፈረንጁ ይበልጣል።»

የፈረንጁ ክንፍ ያለው ሹሙ ከጅቡቲ ያስመጡትን ነው፤ እንደ ጫማ የሚጠለቅ፣ ጫፉ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ ላስቲክ። ሐረሮች «የዳክዬ እግር» ይሉታል። ዘውዴ የራሱን ከጭነት መኪና ጎማ ቆርጦ፣ እግር የሚገባበትን ከውስጥ ጎማው ከካላማዳሪ ሰፍቶ ነበር የሠራው።

«ሁለቱንም ቅዳሜ ሐይቁ ዳር በሚዛን እንለካቸዋለን» አሉ ሹሙ። «ያንተ ከበለጠ ሥራው ያንተ ነው። ካልበለጠ ሻርክህን ይዘህ ጎማህ ላይ ትቀመጣለህ።»

ዘውዴ የፈረንጁን አንድ እግር ለምኖ ወሰደና ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ጎረቤቱን ቡና ነጋዴውን ጀማልን ጠራው። የክንፎቹን ተረከዝ ጣውላ ላይ በድንጋይ ተጫኑና ጫፋቸው ላይ ሁለት ሁለት ኪሎ አንጠለጠሉ። የፈረንጁ አንድ ስንዝር ወረደ። የዘውዴ አራት ጣት ብቻ።

«አየህ! ፍንክች አይልም!»

«ወላሂ ደረቅ ነው» አለ ጀማል። «ግን ድርቅና ያስኬዳል ያለህ ማነው? የኔም አህያ ደረቅ ናት፤ ንቅንቅ አትልም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር እንጨት ተተክሎ የጀማል ባለሞላ ሚዛን ታሰረበት። ከሚዛኑ መንጠቆ የወጣ ገመድ የዘውዴ ወገብ ላይ ተቋጠረ። እሱ በእግሩ ብቻ እየገፋ ገመዱን ይስባል፤ ጀማል የመቁጠሪያውን የሙስበሓውን ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ቆጥሮ እስኪጨርስ።

በፈረንጁ ክንፍ ሚዛኑ ስድስት ኪሎ ላይ ቆመ፤ ፍሬው ሲያልቅም ስድስት ነበር። በራሱ ክንፍ ግን ዘጠኝ ላይ ዘለለ። ተመልካቹ ጮኸ! ጀማል ሠላሳኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ ግን የዘውዴ ባት ድንጋይ ሆነ። ሚዛኑ ወርዶ ሦስት ገባ። ዘውዴ በእጁ እየቧጠጠ ወጣ።

አቶ ተክለጻድቅ ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ትልቁ ስንት ደረሰ?»

«ዘጠኝ!» አለ ጀማል። የተጠየቀው ይኸው ነበራ።

«በል፣ ሥራው ያንተ ነው!» አሉ ሹሙ ዘጠኙን ጽፈው።

ዘውዴ ጭቃው ላይ ባቱን ይዞ ቀረ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሱ ነገር ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ የተጻፈውም ሐሰት አልነበረም፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ነው። ግን ቱቦው አፍ ላይ ሣሩ እግር ይጠመጥማል፤ እዚያ ጉልበቱ ለሠላሳ ፍሬ ብቻ የሚበቃ ሰው በሕይወት አይወጣም። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ዘጠኙን አምኖ ያንን ክንፍ ያጠልቅ ይሆናል። ዘጠኙ ብቻውን ከሻርኩ የባሰ ውሸት ነበር።

«ጌታዬ፣ ሦስትም ይጻፉ።»

«የምን ሦስት?»

«ወርዶ ሦስት ገብቷል። እግሬ ተሳሰረ። የኔው ተሸንፏል።»

ሳቁ ሐይቁን አናወጠው። «ዘውዴ በራሱ ላይ መሰከረ? ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው?» ሹሙም ፈገግ አሉ። «ቀልድህን ተውና መጥተህ ፈርም።»

ጀማል «ኧረ እውነቱን ነው» ቢልም ማን ሰምቶት! ዘውዴ ግን ከውሃ የወጣውን ክንፍ ተረከዙን በድንጋይ ተጫነና ሁለቱን ኪሎ አንጠለጠለ። ትናንት አራት ጣት የወረደው ዛሬ ሁለት ጣት ብቻ ወረደ።

«ትናንት ፀሐዩ አለስልሶልኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ብርዱ ውሃ ውስጥ ይኸው ጣውላ ሆነ። የለካሁት ፀሐዩን ነው።»

ሳቁ ቀዘቀዘ። ዘውዴ የጎማ መቁረጫ ቢላውን ውሃ እያስነካ የክንፎቹን ጫፍ እንዲሳሳ ይልግ ጀመር። ይልጋል፣ ያንጠለጥላል፣ በጣቱ ይለካል፣ እንደገና ይልጋል። ሁለቱም ከስንዝር ትንሽ ጎደል ብለው ሲወርዱ አጥልቋቸው እያነከሰ ውሃው ውስጥ ገባ።

አቶ ተክለጻድቅ አሁን ከዛፉ ሥር ተነሥተው መነጽራቸውን አድርገው ሚዛኑ አጠገብ ቆሙ። ሰባት። ጀማል የመጨረሻዋን ፍሬ ሲያሳልፍም ሰባት።

ሹሙ ዘጠኙንም፣ ሦስቱንም፣ ሰባቱንም ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁት።

«ምጽዋ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ሦስት፣ ጌታዬ።»

እሱንም ጻፉት። «ሻርኩስ?»

ዘውዴ ውሃውን ከፊቱ ጠረገና ሐይቁን አየት አደረገ።

«እሱ እንኳ፣ ጌታዬ፣ ገና አልተለካም።»